ሸናንዶዋ ወንዝ ዳር ካቢን፦ የሚሸተው ውሃ፣ የእማዬ የከሰል ቡናና የልጆቹ ዋና

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጁን መጨረሻ ላይ ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ ቨርጂኒያ ሉሬይ አካባቢ ሸናንዶዋ ወንዝ ዳር ካቢን ተከራይተን ሶስት ሌሊት ፀጥ ብለን ልናርፍ አስበናል። 9 እና 6 ዓመት ወንዶች አሉኝ፣ የ5 ወር ሴት ልጅም አለችኝ፣ ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴም አብራን ናት፣ ደም ግፊት አለባት ጉልበቷንም ያማታል። ሁለት ቤት አይቻለሁ። አንዱ ወንዙ አፍ ላይ ነው፣ ከበረንዳው ስትወርጂ ውሃ ነው፣ ግን መግቢያው በዝቅተኛ ድልድይ ነው ይላል። ሌላው ራቅ ብሎ ጉብታ ላይ ነው፣ በሌሊት 60 ዶላር ይበልጣል። ሪቪው ላይ አንዷ ውሃው እንቁላል እንቁላል ይሸታል ብላለች፣ መርዝ ይሆን እንዴ? ድብ አለ ሲባልም ሰምቻለሁ። እማዬ ቡና በከሰል ካልሆነ አይሆንላትም፣ ማንደጃውን ይዘን ነው የምንሄደው። ልጆቹ ቢዋኙስ? አጥምደው ያመጡትን ዓሳስ ብንበላ? ቅዳሜ ደግሞ ዘመዶች መጥተው ቢውሉልን ደስ ይለን ነበር፣ ወደ 15 ሰው እንሆናለን።»

ምላሽ፦ ድቡንና የሚሸተውን ውሃ ፈራሽ፣ ከሰሉን ግን እንደ ዋዛ ነው ያለፍሽው። ስራዬ የገጠር ቤቶችን የጉድጓድ ውሃና ሴፕቲክ (ቤቱ ለብቻው ያለው መሬት ውስጥ የተቀበረ የፍሳሽ ታንክ) መመርመር ነው፣ ብዙዎቹ ኪራይ ካቢኖች ናቸው፣ እና አንድ ቤተሰብ እንደዚህ ያለ ቤት ገብቶ ሰው ሊሞትበት የሚችለው በዋናነት በሁለት ነገር ነው፣ ቤት ውስጥ በሚነድ ነገርና በወንዙ። ሌላው ወይ ያሳምማል ወይ ያናድዳል። ስለዚህ ከሰሉን አስቀድሜ ልጨርሰው።

እማዬ «አገር ቤት ዕድሜዬን ሙሉ በከሰል ሳፈላ ኖሬ ምን ሆንኩ» ትልሻለች፣ ትክክል ናት፣ ግን አገር ቤትም ክረምት ላይ ማንደጃ አስገብቶ በር ዘግቶ ተኝቶ ያልነቃ ሰው ወሬ ያልሰማ የለም። በዛ ላይ እዛ ቤቱ ራሱ አየር ያስገባል፣ በቆርቆሮውና በግድግዳው መሃል፣ በበሩ ስር። ካቢን የእንጨት ስለሆነ ክፍተት ያለው ይመስላል እንጂ ግድግዳው ውስጥ ኢንሱሌሽን ተጠቅጥቆበታል፣ መስኮቱ ድርብ መስታወት ነው፣ ጁን ላይ ደግሞ ኤሲ ይበራና ሁሉም ነገር ይዘጋል።

ሰውን የሚያሳስተው ጭሱ ነው። ከሰሉን ውጭ አያይዘን ጭሱ እስኪያልቅለት ጠብቀን ፍም ሲሆን «አሁን ይግባ» እንላለን አይደል? ከከሰሉ የሚወጣው ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፣ ፍሙ ቀልቶ ምንም ጭስ ሳይታይበትም እየወጣ ነው። መስኮት መክፈትም አይበቃም፣ ንፋስ ከሌለ አየሩ አይንቀሳቀስም፣ ጋዙን አታይው አታሸቺው ምን ያህል እንደተጠራቀመ በምን ታውቂያለሽ። ስሜቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው፣ ሰው ይሄን የመንገድ ድካም ነው ወይ ቡናው ቀጥኖብኝ ነው ብሎ ያልፈዋል። ቤት ውስጥ ያሉ ሁለት ሶስት ሰዎች አንድ ላይ ራሳቸውን ካመማቸው ምክንያት አትፈልጊ፣ ሁሉንም ይዘሽ ውጪ፣ 911 ደውይ፣ ዕቃ ለማንሳት ብለሽም አትመለሺ። ሕፃኗና እናትሽ ከናንተ ቀድመው ነው የሚጎዱት።

ሌላ ደግሞ ሁሌ የማየው ነገር አለ። ቡና ሲቆላ አላርሙ ይጮሃል፣ አንዱ ወንበር ላይ ይወጣና ባትሪውን ያወጣዋል ወይ በፌስታል ያስረዋል። ብዙ ቤት ያለው የጭሱና የካርቦን ሞኖክሳይዱ አላርም አንድ ላይ የተሰራ ነው፣ አንዱን ስታጠፊ ሁለቱም ጠፉ ማለት ነው፣ እና ከሰሉ መሃል ሳሎን ተቀምጧል። ይሄ እንዳይሆን መቁያውንም ከሰሉንም ከቤት ውጭ አድርጊው፣ ከእንጨቱ በረንዳ ላይ ሳይሆን ወረድ ብለሽ ጠጠር ወይ አፈር ላይ፣ ከመስኮትና ከበር ራቅ አድርገሽ። በረንዳ ላይ የተቀመጠ ማንደጃ አንድ ፍም ከጣለ እንጨቱ ስር ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲሞቅ ያድራል። አመዱን ውሃ አፍስሺበትና ክዳን ባለው ብረት ባልዲ አድርጊው፣ በነጋታውም ቢሆን በላስቲክ የቆሻሻ ቢን ውስጥ አትድፊው። ዝናብ ከሆነ ደግሞ አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጀበናው እሱ ላይ ይፈላል፣ ለእጣኑም በኤሌክትሪክ የሚሰራ ማጨሻ የሀበሻ ሱቅ ይሸጣል። እማዬ ታኮርፍ ይሆናል። ታኩርፍ። ባትሪ ያለው የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ከማንኛውም የቤት ዕቃ መደብር ገዝተሽ ሻንጣ ውስጥ ጨምሪ፣ እዛ ያለው ይስራ አይስራ በሰው ቤት ማመን የለብሽም።

አሁን ወደ ውሃው። የእንቁላል ሽታው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ነው፣ አፍንጫ በጣም ጥቂቱን ስለሚለየው ነው እንደዛ የሚያስጠላው፣ ቧንቧ ውስጥ በሚገኝበት መጠን መርዝ አይደለም። እዛ እንደደረስሽ አንድ ነገር አድርጊ፣ አንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ቅጂና አሽቺው፣ ከዛ ሙቁን ቅጂና አሽቺው። ሙቁ ብቻ ከሸተተ ችግሩ ቦይለሩ ውስጥ ነው፣ ገንዳው እንዳይዝግ የሚገባበት የማግኒዚየም ዘንግ አለ፣ እሱ ከባክቴሪያ ጋር ሆኖ ሽታውን ይፈጥራል፣ ቤቱ ሳምንት ሰው ሳይገባበት ከቆየ ደግሞ ይብሳል። ሙቁን ትንሽ ለቀቅ ስታደርጊው ይቀንሳል። ሁለቱም ከሸተቱ ከጉድጓዱ ነው። በሁለቱም ሰውነት መታጠብ ይቻላል።

መፍራት ያለብሽ የማይሸተውን ነው። ያ ሸለቆ ከስሩ የኖራ ድንጋይ ነው፣ ሉሬይ ያለውን ትልቁን ዋሻ ያየ ሰው ይገባዋል፣ መሬቱ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ሌላ ቦታ የዝናብ ውሃ በአፈርና በአሸዋ ውስጥ እየተጣራ ቀስ ብሎ ነው ጉድጓድ የሚደርሰው፣ እዚህ ግን ከብት ከዋለበት ሜዳ ላይ በስንጥቁ ገብቶ ሳይጣራ ቀጥ ብሎ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያና ከማዳበሪያና ከፋንድያ የሚመጣ ናይትሬት አለ፣ ሁለቱም ቀለምም ሽታም የላቸውም። ሰው ደግሞ «አሜሪካ ነው፣ መንግስት ይመረምረዋል» ይላል፣ ተሳስቷል። የፌዴራሉ የመጠጥ ውሃ ህግ የሚመለከተው የህዝብ አቅርቦትን ነው፣ ቢያንስ 15 መስመር ያለው ወይ በቋሚነት 25 ሰው የሚጠጣውን። የአንድ ካቢን ጉድጓድ የግል ነው፣ ኃላፊነቱ የባለቤቱ ነው።

ሆስቱን፣ አከራዩን ማለቴ ነው፣ በጽሁፍ ጠይቂው፣ ውሃው ለመጨረሻ ጊዜ ለኮሊፎርም ባክቴሪያና ለናይትሬት የተመረመረው መቼ ነው፣ ውጤቱን ላክልኝ በይው። የሚያውቅ ባለቤት ቶሎ ይልካል። «ሁላችንም እንጠጣዋለን ምንም አልሆንንም» የሚል መልስ መልስ አይደለም። ውጤት ከሌለ ለመጠጥና ለምግብ የታሸገ ውሃ ይዛችሁ ሂዱ። ለሕፃኗ ግን ውጤት ቢኖርም ባይኖርም ፎርሙላ የምትበጠብጪላት ከሆነ በታሸገ ውሃ ብቻ። ብዙ እናቶች አፍልቼው እሰጣታለሁ ይላሉ፣ ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፣ ናይትሬቱን ግን አያጠፋውም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይበልጥ ይከማቻል። ወሰኑ በሊትር 10 ሚሊግራም ነው፣ ከዛ በላይ ሲሆን ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ደሙ ኦክስጅን መሸከም ሊያቅተው ይችላል። ዝናብ ዘንቦ ውሃው ደፍረስ ካለ ደግሞ ጥርስም አትቦርሹበት።

ሴፕቲኩ ላይ ስመጣ የቅዳሜው ግብዣ ይቀራል። ቨርጂኒያ ውስጥ የሴፕቲክ ልኩ የሚወጣው በመኝታ ክፍል ብዛት ነው፣ ለአንድ መኝታ በቀን 150 ጋሎን ተብሎ ይሰላል። ባለሁለት መኝታ ካቢን ላይ 15 ሰው ውሎ፣ ሽንት ቤቱ ሳያርፍ፣ የዶሮ ወጥ ብረት ድስት እየታጠበ፣ ልጆች ሻወር እየወሰዱ ሲውሉ ታንኩ ፋታ አያገኝም፣ ማታ ላይ ሻወሩ ስር ውሃ ሲመለስ ታያላችሁ፣ የዛን ጊዜ እሁድ ጠዋት የሚመጣ ሰው አታገኚም። በተለይ የኛ ምግብ ለሴፕቲክ ጠላት ነው፣ ቅቤውና ዘይቱ ሙቅ ሆኖ ሲፈስ ችግር የለውም፣ ታንክ ገብቶ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ወደ ማስረጊያው መስመር ካለፈ ባለቤቱን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣዋል፣ ሂሳቡም ወዳንቺ ሊመጣ ይችላል። ድስቱን ከማጠብሽ በፊት በወረቀት ጥረጊው። ዋይፕስ፣ ፓምፐርስ፣ ሞዴስ ሽንት ቤት አይጣልም፣ ፓኬቱ ላይ ይጣላል ብሎ ቢጽፍም አይጣልም።

ዘመዶቹን ማግኘት ከፈለግሽ ቤንቶንቪል ላይ ሸናንዶዋ ሪቨር ስቴት ፓርክ አለ፣ ወንዙ ዳር ነው፣ ጥላ ያለው መብያ ቦታ፣ ግሪልና ሽንት ቤት አለው፣ 15 ሰው ሆናችሁ ብትውሉ ማንም ምንም አይላችሁም። ለእማዬም ቡና ከዛ የተሻለ ቦታ የለም።

ወደ ቤቶቹ ልምጣ። ወንዙ አፍ ላይ ያለው ቤት ርካሽ የሆነው በምክንያት ነው። እንደዛ ያሉ ቤቶች ጎርፍ እንዳያገኛቸው በምሰሶ ከፍ ተደርገው ነው የሚሰሩት፣ ስለዚህ ፎቶው ላይ የማይታይ ቀጥ ያለ ደረጃ አለ፣ ጉልበቷን የሚያማት እናት ቀን ቀን አራት አምስቴ ወጥታ ስትወርድ አስቢው። ዝቅተኛው ድልድይ ደግሞ ስሙ እንደሚለው ዝቅተኛ ነው፣ ከውሃው ትንሽ ከፍ ያለ ኮንክሪት፣ ብዙዎቹ አጥር የላቸውም፣ ወንዙ ጨመር ሲል ከላዩ ይፈስበታል። እና ሌላ መውጫ መንገድ ከሌለ እዛው ቀራችሁ።

እዚህ ላይ ሰው ሁሌ የሚሳሳተው ነገር አለ። ይሄ ወንዝ የሚፈሰው ወደ ሰሜን ነው። ካርታ ላይ ከታች ያለው ነው ላይኛው፣ እነ ሮኪንግሃምና ኦገስታ ካውንቲ ላይ ማታ ሲዘንብ አድሮ ሉሬይ የሚደርሰው ውሃ ነው፣ እናንተ ጋ ፀሐይ እያቃጠለ ወንዙ ቡናማ ሆኖ ሲያብጥ ታያላችሁ። «ዛሬ ፀሐይ ነው» ብሎ ልጅ ውሃ ውስጥ መልቀቅ እዛ ወንዝ ላይ ትርጉም የለውም። ትልልቁ ጎርፍ ብዙ ጊዜ ከሀሪኬን ጋር ነው የሚመጣው፣ በሴፕቴምበር 1996 ፍራን የተባለው ሀሪኬን ያመጣውን ሉሬይ ያለችበት ፔጅ ካውንቲ ያሉ ሽማግሌዎች ዛሬም ግድግዳ ላይ ምልክቱን ያሳዩሻል፣ ግን ጁንም ነፃ አይደለም፣ ከተራራው ማዶ ማዲሰን ካውንቲን ያጠፋው ጎርፍ ጁን 27 ቀን 1995 ነበር፣ ተራ የሚመስል የበጋ ነጎድጓድ አንድ ቦታ ቆሞ ቀረና። 30 ሳንቲም የሚያህል የሚሮጥ ውሃ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፣ 60 ሳንቲም ደግሞ አብዛኛውን መኪና፣ ትልቁ ኤስዩቪሽ አያድንሽም።

ስለዚህ ጉብታው ላይ ያለውን ቤት ውሰጂ። ሶስት ሌሊት 180 ዶላር ነው ልዩነቱ፣ ከዚህ በላይ አላስብበትም።

ዋናን በተመለከተ፣ ይቻላል፣ በሁኔታ። ሳውዝ ፎርክ፣ ማለት በሉሬይ የሚያልፈው የወንዙ ደቡባዊ ክንፍ፣ በደህና ቀን ጉልበት ድረስ ነው፣ ሰውን የሚያዘናጋውም ይሄው ነው። ከስሩ በወንዙ አግድም የተዘረጉ የድንጋይ ጠርዞች አሉ፣ በመሃላቸው ስንጥቅ አለ። ልጅ ውሃው እየገፋው ሊቆም ሲሞክር እግሩ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ ውሃው ከኋላ ይገፋዋል፣ ፊቱ ወደ ውሃው ይደፋል፣ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ሰው የሚሰምጠው እንደዚህ ነው። ፑል ላይ ዋና የተማረ ልጅ ይሄን አልተማረም። ልጆቹን ከመግባታቸው በፊት ሜዳ ላይ አስተኚያቸውና አለማምጃቸው፣ ውሃ ከወሰደህ አትቁም፣ በጀርባህ ተኛ፣ እግርህን ወደ ታችኛው አቅጣጫ አድርገህ ከፍ አድርግ፣ ውሃው ዝም ሲል ወደ ዳር ቅዘፍ። ላይፍ ጃኬት ሁለቱም ያድርጉ፣ የኮስት ጋርድ ማህተም ያለበትን፣ ክንድ ላይ የሚነፋው ፕላስቲክ መጫወቻ ነው። ስታለብሺው ትከሻው ላይ ያዢና ወደ ላይ ሳቢ፣ ጆሮው ጋ ከወጣ ሰፍቶታል። ጫማ ሳያወልቁ ይግቡ፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል የተሰበረ ጠርሙስም አይጠፋም። አንድ አዋቂ ስልኩን አስቀምጦ ክንዱ በሚደርስበት ርቀት ይሁን፣ «ሁላችንም እያየን ነው» ማለት ማንም እያየ አይደለም ማለት ነው።

ከመግባታችሁ በፊት ጠዋት ላይ ዩኤስጂኤስ የሚባለውን የመንግስት ተቋም የወንዝ ከፍታ መለኪያ ኢንተርኔት ላይ እይው፣ ሉሬይም ፍሮንት ሮያልም ላይ አለ፣ መስመሩ ወደ ላይ እየወጣ ከሆነ የዛን ቀን ዋና የለም። ቁጥሩ ካልገባሽ ካያክ የሚያከራዩት ጋ ደውይ፣ ለገበያቸው ሲሉ በቀላሉ አይዘጉም፣ እነሱ ዛሬ አናወጣም ካሉ ለልጅ ጨርሶ አይሆንም። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ደግሞ ሁለት ሶስት ቀን ጠብቂ፣ ያ አካባቢ ከብትና ዶሮ የሚረባበት ነው፣ ሜዳውን ያጠበው ውሃ ወንዙ ውስጥ ነው የሚገባው። አረንጓዴ ወይ ጥቁር ምንጣፍ የመሰለ ነገር ድንጋዩ ላይ ወይ ዳር ላይ ካያችሁ ራቁ፣ በ2021 በሰሜኑ ክንፍ ላይ በእንደዚህ ያለ አልጌ ምክንያት የጤና ቢሮው ረጅም የወንዙን ክፍል አትግቡ ብሎ ነበር። ጀልባ ወይ ጎማ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ የግድቦቹን ቦታ ሳታውቁ አትሂዱ፣ ሳውዝ ፎርክ ላይ ሉሬይንና ኒውፖርትን ጨምሮ አጫጭር የኃይል ግድቦች አሉ፣ ከላይ ሲታዩ ትንሽ ፏፏቴ ይመስላሉ፣ ከስር ግን ውሃው እዛው እየተሽከረከረ ሰውን አይለቅም።

ዓሳው። ልጆቹ ያጥምዱ፣ ደስ ይላል፣ ስሞልማውዝ ባስ በብዛት አለ፣ ከ16 ዓመት በታች ላይሰንስ አያስፈልገውም፣ አባታቸው ዘንግ ከያዘ ግን ያስፈልገዋል። ከዛ መልሰው ይልቀቁት። ከወንዙ ላይኛው በኩል ዌይንስቦሮ ከተማ የነበረው የዱፖንት ፋብሪካ ከ1929 እስከ 1950 ድረስ ሜርኩሪ ይጠቀም ነበር፣ ከፋብሪካው ያመለጠው ሳውዝ ሪቨር ውስጥ ገባ፣ ከዛ ወደ ሳውዝ ፎርክ ወረደ፣ ጭቃው ውስጥ ተቀምጦ ዛሬም ዓሳው ውስጥ ይገባል። ኩባንያው በ2016 ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ለመክፈል ተስማምቷል፣ ሜርኩሪው ግን በካሳ አይወጣም። የስቴቱ ምክር ለሳውዝ ፎርክ ዓሳ በወር ከሁለት ገበታ አትለፉ ነው፣ እርጉዝ፣ የምታጠባ እናትና ትንንሽ ልጆች ጭራሽ አይብሉ ነው። ታዲያ ካንቺ ቤት ማን ቀረ? ባልሽና እማዬ። ለሁለት ሰው ብለሽ ዓሳ አትጥረጊ። ሜርኩሪ ደግሞ ሥጋው ውስጥ ነው ያለው፣ በሚጥሚጣም በጥብስም አይሄድም። ውሃው ውስጥ ለመዋኘት ግን ሜርኩሪው አያሰጋም፣ ሁለቱን አትቀላቅዪ።

መዥገር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሀበሻ የሚንቀው ነገር ስለሆነ። ጁን ገና ያልጎለመሰው ትንሹ መዥገር ወቅት ነው፣ ከጤፍ ትንሽ ከፍ ቢል ነው፣ አይታይም። ላይም የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው ባለጥቁር እግሩ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ለማስተላለፍ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቆ መቆየት አለበት፣ ስለዚህ ማታ ማታ መፈተሽ ብዙ ይከላከላል። ከሻወር በፊት ፀጉር ውስጥ፣ ከጆሮ ኋላ፣ ብብት፣ እምብርት፣ ከጉልበት ጀርባ፣ ብሽሽት። የዋሉበትን ልብስ ሳይታጠብ ቀጥታ ድራየር ውስጥ 10 ደቂቃ በከፍተኛ ሙቀት አዙሪው፣ ይሞታል። ካገኘሽ በቀጭን መቆንጠጫ ቆዳው ጋ ጠጋ ብለሽ ያዢና ቀጥ አድርገሽ ሳቢ። ክብሪት፣ ቤንዚን፣ ቅቤ መቀባት የሚባለውን እርሺው፣ ሲጨናነቅ ሆዱ ያለውን ወደ ሰው ይተፋል። ልብስና ጫማ ላይ ፐርሜትሪን የሚባለውን የመዥገር መድኃኒት ከመሄዳችሁ በፊት ንፉበትና ይድረቅ፣ ቆዳ ላይ ግን አይነካም፣ ለቆዳ ዲት የሚባለው ያለበትን የነፍሳት ማባረሪያ፣ ለሕፃኗ ጋሪው ላይ መረብ።

ሁለተኛ ዓይነት አለ፣ ሴቷ ጀርባዋ ላይ አንድ ነጭ ነጥብ ያላት፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በጣም ብዙ ነች። የሷ ንክሻ አንዳንድ ሰው ላይ የቀይ ሥጋ አለርጂ ያመጣል። ነገሩን ያገኙትም እዛው ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቶማስ ፕላትስ-ሚልስ የሚባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በሬ፣ በግ፣ ፍየል ከበላሽ ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ቆይቶ ነው የሚመጣው፣ ማታ ክትፎ በልተሽ እኩለ ሌሊት ላይ ሰውነትሽ አብጦ እያሳከከሽ ትነቂያለሽ፣ ማንም ከመዥገር ጋር አያገናኘውም። ለኛ ህዝብ ከዚህ የባሰ ቅጣት አላውቅም። ዶሮ አይነካም፣ ቅቤው ግን አንዳንዱን ይነካዋል።

ድቡ፣ አለ፣ ጥቁሩ ድብ ነው፣ የሚፈልገው ቆሻሻሽን ነው። ቆሻሻውን ማታ ውጭ አታሳድሪ፣ ግሪሉን ጥረጊ፣ መኪና ውስጥ ምግብ አትተዪ። ካያችሁት ወደ ኋላ እያላችሁ ግቡ፣ ልጆቹ እንዳይሮጡ። በቃ። ማታ ስትወጡ ባትሪና ጫማ፣ የማገዶ ክምር ውስጥ ደግሞ እጅ አይገባም፣ እባብ ይወደዋል። ሆት ተብ ካለ ሕፃኗና የ6 ዓመቱ አይገቡም፣ እማዬም የግፊት መድኃኒት ላይ ስላለች ሙቅ ውሃ ውስጥ ግፊቷ ዝቅ ሊልባትና ስትነሳ ልትወድቅ ትችላለች፣ እሷም ይቅርባት።

ፀጥታ ስለፈለግሽ ደግሞ ፀጥታው ከቤቱ ይልቅ በቀኑ ነው የሚወሰነው። ቅዳሜና እሁድ በጋ ላይ ያ ወንዝ ጎማ ላይ ተኝቶ ሙዚቃ ከፍቶ በሚወርድ ሰው ይሞላል። ሸለቆውን ይዞ ደግሞ የኖርፎክ ሳዘርን የጭነት ባቡር ያልፋል፣ ፍሮንት ሮያልና ሉሬይን አቋርጦ፣ መንገድ በሚያቋርጥበት ሁሉ ጥሩምባ የመንፋት ግዴታ አለበት፣ ሌሊትም ቢሆን። ከመክፈልሽ በፊት ሳተላይት ካርታ ላይ ሀዲዱንና ቤቱን አይተሽ ለኪ፣ ሪቪው ውስጥም «ባቡር» የሚለውን ፈልጊ።

እና የኔ ምክር ይሄ ነው፣ ጉብታው ላይ ያለውን ቤት ከእሁድ እስከ ረቡዕ ያዢ። እሁድ ቀን ዘመዶቹን ስቴት ፓርኩ ላይ አግኟቸው፣ ብሉ ጠጡ፣ እማዬ ሶስቱንም እዛው ታፍላ፣ አመሻሽ ላይ እነሱ ወደ ዲሲ ሲመለሱ እናንተ ወደ ካቢኑ ግቡ፣ ወንዙም በሚቀጥለው ጠዋት ባዶ ይሆንላችኋል። ማንደጃው ፍሙ ፈጽሞ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ መኪናው ውስጥ ይደር። ሆስቱ የውሃ ውጤት ካልላከ ቤቱን አትሰርዢ፣ ውሃ ገዝተሽ ሂጂ። ዝቅተኛ ድልድይ ያለው ቤት ግን በነፃም ቢሰጡሽ በሕፃንና በታመመች እናት አትሂጂበት።

እዛ የስልክ ሲግናል ቦታ ቦታ ላይ ይጠፋል። ካርታውን ከቤትሽ ሳትወጪ አውርጂ፣ የቤቱን ትክክለኛ አድራሻ በወረቀት ጽፈሽ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፊ፣ 911 ስትደውዪ «ወንዙ ዳር ያለው ካቢን» ብትዪ ማንም አያገኝሽም። ሉሬይ ፔጅ መሞሪያል፣ ፍሮንት ሮያል ደግሞ ዋረን መሞሪያል ሆስፒታል አለ። የእማዬን መድኃኒት ስምና መጠን፣ የጉዞ ኢንሹራንስ ካላትም ወረቀቱን፣ ከዛው አድራሻ ጋር አብረሽ አድርጊው።